ለመኪና የተቀባ ቅቤ

እናኑ ለእኔ ራስ የተባለውን ቅቤ ወስዳ ለመኪና ቀባችው። ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ። አግብቼ፣ ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ወረታ ገበያ ላይ ሩዝ ስሸጥ ፀጉሬ እስኪሸብት ድረስ አልለቀቀኝም። ሰው «እርሺው» ይለኛል። እኔ የምረሳ ሰው አይደለሁም። የተማረ ሰው ጽፎ ያስቀምጥና ይረሳል፤ እኔ ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁ፣ ያለኝ ጭንቅላቴ ብቻ ነው። እሱም ቅቤ የቀረበት ጭንቅላት።

እናኑ የእንጀራ እናቴ ናት። የወለደችኝ እናቴ የሞተችው እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነው፤ መልኳን አላውቀውም። አባቴ ታደለ ሾፌር ነበር፤ የጋሽ መሐመድሰዒድን ሰማያዊ ፒካፕ ይነዳል። ጋሽ መሐመድሰዒድ ወረታ ውስጥ የታወቁ እህል ነጋዴ ነበሩ። እኛም የምንኖረው በእሳቸው ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መኪናዋ እኛ ደጅ ታድራለች።

ለእኔ ያቺ መኪና ዕቃ አልነበረችም። አባቴ አጥፍቷት ከገባ በኋላ ሞተሯ ሲቀዘቅዝ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ተኝታ ሕልም የምታይ ይመስለኝ ነበር። ከፊት ሁለት ዓይን እንዳላት ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔ ግን በጎኗም አንድ ዓይን እንዳላት አውቅ ነበር። ክብ ነው፤ ክዳን አለው፤ አባቴ ሲከፍተው ከውስጡ ራስ የሚያዞር ሽታ ይወጣል። ሰው ሳያየኝ ጆሮዬን እዚያ ለጥፌ አዳምጣለሁ። ሩቅ ቦታ ውሃ ሲንሿሿ እሰማ ነበር።

የዚያን ዓመት ክረምት የፎገራ ሜዳ እንዳለ ውሃ ሆነ። ከከተማው ዳር ቆሜ ስመለከት መሬት የለም። ሰማይ ከላይ፣ ሰማይ ከታች፤ በመካከሉ ከብቶች እስከ ሆዳቸው ገብተው ደመና ሲግጡ ይታዩኛል። ሰው በታንኳ ሲያልፍ በአየር ላይ የሚሄድ ይመስላል። እስከ ዛሬ ስለ መንግሥተ ሰማያት ሲነገር የሚመጣብኝ ያ ነው፤ ብዙ ውሃ፣ ጥቂት ላሞች።

እናኑ ቃል ገብታልኝ ነበር። ጋሜዬ አድጎ፣ ፀጉሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሹሩባ ደርሶ ነበርና «ለዘመን መለወጫ እሠራሻለሁ፤ ለጋ ቅቤም አናትሽ ላይ አደርግልሻለሁ» አለችኝ። ከቤታችን ጥግ አንዲት ትንሽ ቅል ቅቤ እንደ ያዘች ተሰቅላ ነበር። ከዚያች ቅል ነው ወይስ ከሌላ፣ እናኑ አላለችም። እኔ ሌላ ቅል ስላላየሁ በየቀኑ ከሥሯ ቆሜ አሸትታት ነበር። ከቅሏ አጠገብ ደግሞ ሸማኔ ያመጣው ለስላሳ ነጭ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ዳሩ ቀይ ጥለት አለው። እሱንም የእኔ ነው ብዬ ወሰንኩ። ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ የለም፤ ታዲያ የማን ሊሆን ነው?

ዛሬ ሳስበው፣ ያን ጨርቅ ልልበሰው ብል ከአንድ ክንዴ አያልፍም ነበር።

ያን ሰሞን እናኑ ወፈረች። ኩታዋን ከፊት ደርባ ትሄዳለች፤ ስቀርባት ትሰበስበዋለች። ተደብቃ የምትበላው ነገር እንዳለ ገባኝ፤ ተናደድኩ። አንድ ቀን ከጋሽ መሐመድሰዒድ ሚስት ከእትዬ ዙህራ ጋር እህል ሲለቅሙ ደረስኩባቸውና «እትዬ እናኑ፣ ምን ደብቀው ነው?» አልኳት። ሁለቱ ተያይተው ሳቁ።

«ዳቦ ነው» አሉኝ እትዬ ዙህራ። «ሲበስል ላንቺም ይደርስሻል።»

«መቼ ነው የሚበስል?»

«ውሃው ከሜዳው ሲጎድል። አሁን ሂጅ፤ ዳቦ ሲያዩት አይነፋም።»

እኔም ዳቦውን ስጠብቅ ከረምኩ።

ጋሽ መሐመድሰዒድ ለንግድ ጎንደር ሊሄዱ ሲነሡ አባቴን ጠርተው ሲያስጠነቅቁት ሰምቻለሁ። ቤንዚን በራሽን በሆነበት ጊዜ ነው። «ታደለ፣ በገንዳዋ ውስጥ ያለችው ቤንዚን እህሉን የማነሣበት ናት። እኔ እስክመጣ ይቺ መኪና ከቆመችበት እንዳትነቃነቅ። ከተነቃነቀች እኔና አንተ ተለያየን» አሉት።

አባቴ «እሺ ጋሼ» አለ።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በር ላይ ቆሜ አየሁ። ዝናብ ያካፋል። አባቴ ከጎረቤት ያገኘውን ቤንዚን በጣሳ እየቀዳ በመኪናዋ ዓይን ውስጥ ያፈሳል። ግማሹ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ በጎኗ ይወርዳል። ማጥለያ የሚፈልግበት ጊዜ አልነበረውም። እትዬ ዙህራ እናኑን በጋቢ ጠቅልለው፣ ደግፈው ወደ መኪናዋ ይወስዷታል። እናኑ ታቃስታለች።

«ማርያም ማርያም በይ» ይሏታል እትዬ ዙህራ። «አይዞሽ እኅቴ፣ እኔም እልልሻለሁ። ማርያም፣ ማርያም።»

እትዬ ዙህራ ክርስቲያን የሆኑ መሰለኝ። ለመንገድ ይህን ያህል መለማመን ለምን እንዳስፈለገም አልገባኝም። መኪናዋ በጭጋጉ ውስጥ ስትገባ ኋላዋ ላይ ያሉት ቀይ መብራቶች ለጥቂት ጊዜ ታዩኝ፤ ከዚያ ጠፉ። እትዬ ዙህራ ወስደው ከልጆቻቸው መካከል አስተኙኝ።

ሲመለሱ መኪናዋ በጭቃ ተለብጣ ሰማያዊነቷ አይታይም። እናኑ ወረደች። ቀጥናለች። ወገቧን በመቀነት አጥብቃ አስራለች። ሮጬ ሄጄ፣

«ዳቦውስ?» አልኳት።

አላየችኝም። አልፋኝ ገባች። አባቴ ነው የመለሰልኝ፤ «መንገድ ላይ ቀረ» አለኝ። ከመኪናው የወደቀ መሰለኝ። ዝናብ ሳያረጥበው ማንም ሳያገኘው ሄጄ ላመጣው አሰብኩ፤ እስከ ከተማው ጫፍ ድረስም ሄጄ ነበር። ከዚያ ወዲያ ውሃ ነው።

ጉማራ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ዘግቶባቸው ኖሯል። ባሕር ዳር ሐኪም ቤት አልደረሱም። ሕፃኑ እዚያው ወንዙ ዳር፣ መኪናዋ ውስጥ ተወለደ፤ ወንድ ነበር፤ አላለቀሰም። ይህን ካደግሁ በኋላ ሰምቻለሁ፣ አዝኛለሁም። የቅቤውን ነገር ግን ለብቻው ነው ያስቀመጥኩት። ሐዘን ሐዘን ነው፤ ቃል ቃል ነው።

ከዚያ ጳጉሜ ገባ። በሩፋኤል ዕለት ዝናብ ጣለ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፤ ልጆች ሁሉ ልብሳችንን ጥለን ወጣንና ታጠብን፤ መኪናዋም አብራን ቆማ ታጠበች። ጭቃው ከላይዋ እየተላጠ ሲወርድ፣ ሰማያዊነቷ ተመለሰ። በጎኗ ካለችው ዓይኗ ሥር ግን አንድ ነገር አየሁ። ቡናማ ነው፤ ከክዳኑ ይጀምርና እየሰፋ እስከ ጎማው ይወርዳል። የወረደበት ቀለም ደብዝዟል። ዳሰስኩት፤ ይሻክራል።

«አባባ» አልኩ ወደ ቤት እየሮጥኩ፣ «መኪናዋ አልቅሳለች። እንባዋ ደርቆባታል።»

አባቴ ወጥቶ አየና ዝናቡ ላይ እንደ ቆመ ቀረ።

«ምንድን ነው?» አለች እናኑ ከውስጥ።

«ቤንዚኑ ነው። ጭቃው ሸፍኖት ቀለሙን ሲበላ ሰነበተ። ጋሼ ይህን ካዩ መሄዷን ለማወቅ ሌላ ምስክር አይሹም።»

«ያስወጡናል?»

«ሥራውም የሳቸው ነው፣ ቤቱም የሳቸው ነው። ለበዓሉ ደግሞ ይደርሳሉ።»

ዝናቡ ሲያባራ ሥራ ጀመሩ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ሩዝ በአገራችን መዘራት የጀመረበት ሰሞን ነበርና ሴቱ ሁሉ የሩዝ ገለባ አመድ ድስት እንደሚያነጣ አዲስ ያወቀበት ጊዜ ነው። አባቴም አመዱን በእፍኙ ዘግኖ እድፉን ይፈትገው ጀመር። እናኑ ከተቀመጠችበት ዘላ እጁን ያዘችው።

«ድስት መሰለህ?» አለችው። «አንተ ሰውዬ፣ እድፉን ትተህ ቆዳዋን ገፈፍኸው እኮ።»

እውነትም መዳፍ የሚያህል ቦታ ጭረት በጭረት ሆኗል። ከዚያ በኋላ እናኑ ራሷ ያዘችው። ውሃ ለብ አድርጋ ሳሙና በጠበጠችበት፤ መጀመሪያ አሸዋና ጭቃው እንዳይቀር አጥባ አስለቀቀች። ቀጥላ በጥጥ ላምባ ነክራ ዳር ዳሩን ጠቀጠቀችው፤ አትፈትግም፣ ጠቅ እያደረገች ታነሳለች። ከእድፉ ግማሹ ለቀቀ። ጥላው ግን አልሄድ አለ።

«ይኸ የገባ ነው» አለ አባቴ። «ቅባት ካላለሰለሰው አይለቅም። እስቲ ኑግ ዘይት ካለ...»

እናኑ ገባች። ስትወጣ ቅሏን ይዛለች፤ ጨርቁንም ይዛለች።

ቅቤውን በጣቶቿ ዛቅ አድርጋ በመኪናዋ ጉንጭ ላይ አደረገችው። ቀስ እያለች ታሻለች፤ የእድፉን መንገድ ተከትላ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። ፀሐይ ወጥታ ነበርና ቅቤው ቀልጦ አብለጨለጨ። አራስ አናት ላይ ቅቤ ሲደረግ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ከንፈሯ ይነቃነቃል። ጨርቁን በጥርሷ ይዛ ቀደደችው፤ ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በቁራጩ ጠረገችው፤ ደገመች፤ ሰማያዊው እየጠራ፣ እየጠራ መጣ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

«የእኔ ነው እኮ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ወይም ሰምተውኛል።

ማታውን ሁለቱም ቤት ሲገቡ እኔ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ቅቤው ገና በላይዋ ላይ ያበራል። ራሴን አጎንብሼ አናቴን በጎኗ ላይ አሸሁት፤ ግራና ቀኝ፣ እንደ ጥጃ። ቅቤና ቤንዚን አንድ ላይ ሸተተኝ። መኪናዋ ሞቅ ያለች ነበረች፤ የሰው ጉያ መሰለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደዚያው ተለጥፌ ስቆይ፣ ሹሩባዬ ተሠርቶ፣ እኔና መኪናዋ በውሃው ላይ እንደዚያ ታንኳ ስንሳፈፍ ታየኝ።

ከዚያ አንድ እጅ ክንዴን ይዞ ነቀለኝ። እናኑ ናት። በጥፊ መታችኝ፤ ከዚያ በፊት መትታኝ አታውቅም። እየጎተተች ወስዳ ራሴን በሳሙና ታጥበኝ ጀመር። ታጥባለች፣ ታሸተኛለች፣ እንደገና ታጥባለች። ሳሙናው ዓይኔ ገብቶ እጮሃለሁ፤ እሷም ከላዬ ሆና ታለቅሳለች። በንዴት የምታለቅስ መሰለኝ። ከመኪናው ላይ የተረፈውን እንኳ ከለከለችኝ ብዬ እዚያው፣ አረፋው ውስጥ፣ ከዚያች ሴት ጋር ተጣላሁ።

ጋሽ መሐመድሰዒድ ለበዓሉ ዋዜማ መጡ። መኪናዋን ዞሯት። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። በጎኗ በኩል ሲደርሱ ቆሙ፤ በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱ።

«ታደለ» አሉ፣ «ይቺ መኪና አንድ ጉንጯን ብቻ የታጠበችው ለምንድን ነው? ደግሞ ቅቤ ቅቤ ትላለች።»

ጋሽ መሐመድሰዒድ ቀና ሲሉ በራችን ላይ የቆመችውን እናኑን አዩ። በመቀነት የታሰረ ወገቧን አዩ። ከዚያ፣

«ሌላውንም ጉንጯን እጠብላት እንጂ» አሉ። «እንዳታኮርፍ።»

በማግሥቱ አንድ በግ በቁሙ ላኩልን፣ በእምነታችን አርደን እንድንበላው። ለመኪናዋ ማማር የተሰጠ ሽልማት መስሎኝ አልበላም አልኩ። እናኑም አልበላችም። ሹሩባዬን ግን ሠራችኝ፤ በደረቁ። ቅቤ ከየትም አልተፈለገም። እኔም አልጠየቅሁም፤ እናኑም አልተናገረችም።

እንደዚያው ኖርን። አሳድጋኛለች፣ ድራኛለች፤ ይህን አልክድም። እኔ ግን «እትዬ እናኑ፣ እርስዎ» እንዳልኳት ቀረሁ። ሌላ ልጅ አልወለደችም። አባቴ ሲሞት ወደ ተወለደችበት፣ ወደ ቁሐር ሚካኤል ተመልሳ ከወንድሟ ልጆች ጋር መኖር ጀመረች። በበዓል በበዓል እሄዳለሁ፤ ስኳርና ሻማ አስቀምጣለሁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እመለሳለሁ።

ዘንድሮ ልጄ አንዷለም የሚሠራባትን ነጭ ሚኒባስ አምጥቶ ከበራችን አቆማት። ቤንዚን እንደገና ጠፍቶ ሰው በሃይላንድ እየገዛ በእጁ የሚጨምርበት ጊዜ ነው። በጎኗ ላይ ያ ቡናማ እንባ ወርዷል። ለሠርግ ተከራይታ ኖሮ ልጄ ተጨንቋል። እኔ ከውስጥ ስወጣ የሩዝ ገለባ አመድ በእፍኙ ዘግኖ ሊፈትጋት ነው።

«ድስት መሰለህ?» አልኩት። «እድፉን ትተህ ቆዳዋን ልትገፍፍ ነው?»

እትዬ ዙህራ ጎረቤቴ ናቸው፤ አርጅተዋል፤ ከልጃቸው ሱቅ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ሳቃቸውን ሰማሁት።

«እናኑን በአፍሽ አመጣሻት» አሉኝ።

«ስሟን አያንሡብኝ።»

«እማ፣ ታዲያ በምን ይለቃል?» አለ ልጄ።

«በቅቤ» አልኩት። «ከልጅ ራስ ላይ ነጥቀህ።»

እትዬ ዙህራ መሳቃቸውን ተዉት። «አንቺ ልጅ፣ አሁንም ያ ቅቤ ነው?»

«ያው ነው።»

«ቅቤው ያንቺ መሰለሽ? የአራስ ቅቤ ነበር እኮ። ስትወልድ አናቷ ላይ እንዲደረግላት እናቷ ከቁሐር የላከችላት። ጨርቁም የሕፃኑ መታቀፊያ ነው። ባዶ እጇን ስትመለስ እኔው ነኝ ‹ቅቤው ከሚበላሽ ለልጅቱ አድርጊላት› ያልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ሞት የነካውን ነገር በእሷ ራስ ላይ? አንድ ነው የቀረኝ፤ እሷን አልሰጥም› አለችኝ።»

ልጄ አመዱን መሬት ላይ አራገፈ።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» አልኩ።

«መች ቀረብሻት? እርስዎ፣ እርስዎ እያልሽ ከደጅ ትመልሻታለሽ።»

ገብቼ ውሃ ጣድኩ። ለብ ሲል ሳሙና በጠበጥኩ፤ ጭቃውን አጠብኩ፤ በላምባ ጠቅ ጠቅ አደረግሁት፤ ጥላውን በኑግ ዘይት አለስልሼ በአሮጌ ነጠላ ጠረግሁት፤ እንደገና በሳሙና ዘይቱን አነሳሁ። ከሱቅ የተገዛ የመኪና ሰም ነበረው፣ እሱን ልጄ ቀባት። ነጭ ሆነች። ቅቤ አላወጣሁም። ቅቤውን ለሌላ ፈልጌዋለሁ።

በማግሥቱ ከገበያ ለጋ ቅቤ በቅል ገዛሁና ልጄን «ቁሐር አድርሰኝ» አልኩት። ሩዙ የሚታጨድበት ወቅት ነው። ሜዳው ቢጫ ሆኖ፣ በልጅነቴ ሰማይ የነበረበት ቦታ ሁሉ ነዶ ቆሟል። እናኑ ከቤት ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል።

«ማነው?»

«ንጋት ነኝ።»

«ደህና ነው? በዓል ሆኖ ነው እንዴ የመጣሽው?»

«በዓል አይደለም።» ቅሉን ከፊቷ አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ለጋ ነው» አለች። ቆይታ፣ «የልጅሽ መኪና ቆሸሸ?»

«መኪናዋ ጸድታለች። ይኸ ለራሴ ነው።»

እጇ ቅሉ ላይ ቀረ። «ዙህራ ተናገረች።»

«ተናገሩ።»

«ያ ቅቤ ለልጅ አይሆንም የሚል ሕግ ኖሮ አይደለም። ማንም አልከለከለኝም። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።»

«እሱን ተዪው። ቃል ገብተሽልኝ ነበር።»

«አሁን? በሽበትሽ? ሹሩባውስ?»

«ሹሩባውን ሠርተሽልኛል። የቀረብኝ ቅቤው ነው፤ እሱን አልምርሽም።»

በጥርስ አልባ አፏ ሳቀች። ሻሼን ፈታሁና መሬት ላይ፣ በጉልበቶቿ መካከል ተቀመጥኩ። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። ቅቤውን አናቴ ላይ አደረገችና ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለች ታሸው ጀመር። ከንፈሯ ሲነቃነቅ ይሰማኛል። ፀሐዩ ያቀልጠዋል፤ በጆሮዬ ጀርባ ወርዶ አንገቴ ውስጥ ገባ።

«አታሳንሺብኝ» አልኳት።

«ይኸው፣ ሁሉንም?»

«ግማሹን።»

ከጨረሰች በኋላ ተነሳሁ። ቅቤ የነካውን እጇን የት እንደምትጠርገው ጠፍቷት በአየር ላይ ይዛዋለች። ከኋላዋ ዞርኩና ሻሿን ፈታሁት። ፀጉሯ ሳስቷል፤ ነጭ ነው። ከቅሉ የቀረውን በእጄ ዛቅሁ።

«ኧረ ተይ» አለች፤ «እኔ አራስ ነኝ?»

«ራስሽን ዝቅ አድርጊ» አልኳት፤ ቅቤውም አናቷ ላይ እስኪቀልጥ ድረስ እጄን አላነሳሁም።